ዝርግ ሳህን፣ ጎድጓዳ ሳህን

በእኛ ቤት ገል ሥራ አያጣም። ማሰሮ ሲሰበር በስባሪው ላይ ፍም ይደረጋል፣ ዕጣን ይጨስበታል። የቅኝ ግዛት ዘመን መኖሪያ ቤቶችን የሚቆፍሩ አርኪኦሎጂስቶች በብዛት የሚለቅሙት ገል ግን መልኩ ሌላ ነው፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ ቀለም የተኳለ። አንዳንዱ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። በቨርጂንያ የትምባሆ እርሻ፣ በካሪቢያን የሸንኮራ አገዳ እርሻ፣ በጋና ጠረፍ፣ በሲድኒ ወደብ ዳር ከአፈር ሲወጣ ወንድማማች ይመስላል። አብዛኛው የመጣውም ከአንድ አካባቢ፣ ከእንግሊዝ ስታፎርድሺር ነው።

እንጨት ይበሰብሳል፣ ጨርቅ ያልቃል፣ ብረት ይዝጋል። ብርና መዳብ ቀልጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የተሰበረ ሳህን ግን ለማንም ስለማይጠቅም ጓሮ ይጣላል፣ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የተከለከሉ ሰዎች ይኖሩበት በነበረ ጎጆ ዙሪያ፣ ስለ ራሳቸው የተዉልን ትልቁ መዝገብ ብዙ ጊዜ ይኸው ገል ነው።

መጀመሪያ የመጣው የስታፎርድሺር ሳህን አልነበረም። እንግሊዞች በ1607 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰፈሩበት በጄምስታውን፣ አንገታቸው ላይ የጢማም ሰው ፊት የተቀረጸባቸው የጀርመን ማሰሮዎች ተገኝተዋል። የሆላንድና የእንግሊዝ ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ የቻይናን ፖርሴሊን ለመምሰል ተራውን ሸክላ ነጭ ልባስ እየቀቡ ሰማያዊ ሥዕል ይሥሉበት ነበር። ያ ልባስ ጠርዙ ላይ ቶሎ ይላጣል። በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1652 ኬፕ ላይ ከሰፈረ በኋላ ከእስያ የሚመለሱት መርከቦቹ በዚያ ያልፉ ስለነበር፣ በአውሮፓ የሀብታም ዕቃ የነበረው የቻይና ፖርሴሊን ኬፕ ውስጥ በተራ ወታደሮች ምሽግ ሳይቀር ይገኛል።

ሁሉን የቀየረው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የስታፎርድሺሩ ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅውድ ክሬም መልክ ያለውን ሸክላ አሻሽሎ በ1765 ለንግሥት ሻርሎት የሻይ ዕቃ ሠራ፤ ከዚያም ምርቱን “የንግሥቲቱ ሸክላ” እያለ ለመካከለኛው ሰው ሸጠ። ነጩ አፈር ከደቡብ እንግሊዝ በባሕር ይመጣል፣ ባልጩት ተቃጥሎና ተፈጭቶ ይቀላቀልበታል፣ የድንጋይ ከሰሉ እዚያው አጠገብ አለ። ዕቃው በፈረስ ጀርባ ሲጫን መንገድ ላይ እየተሰበረ ስላስቸገረ፣ ዌጅውድ ቦይ እንዲቆፈር ከወተወቱት አንዱ ነበር። ቦዩ በ1766 ተጀምሮ በ1777 ተጠናቀቀ። በ1780ዎቹ ደግሞ መዳብ ላይ የተቀረጸን ሥዕል በስስ ወረቀት እያነሱ ሳህን ላይ ማተም ተስፋፋ። አንድ ሠዓሊ ቀኑን ሙሉ የሚደክምበት ጌጥ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሆነ።

ይኸው ዌጅውድ በ1787 በሰንሰለት ታስሮ የተንበረከከ አፍሪካዊ የሚታይበትን ትንሽ የሸክላ ምስል አሠርቶ ለፀረ ባርነት ትግሉ በነፃ አከፋፍሏል። የስታፎርድሺር ሳህን ግን በባርነት ጉልበት በበለጸጉ እርሻዎች ማዕድ ላይ ይቀርብ ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን አንስቶ ሌላውን መተው ለታሪክም ለሰዎቹም በደል ይመስለኛል።

ገሉን ከዘመን ጋር ለማያያዝ አሜሪካዊው ስታንሊ ሳውዝ በ1970ዎቹ ቀላል ስሌት አቀረበ። እያንዳንዱ ዓይነት ሸክላ የተሠራበት ዘመን ይታወቃል፤ የየዓይነቱ መካከለኛ ዓመት በተገኘው ገል ብዛት ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ ለጠቅላላው ብዛት ይካፈላል። የሚወጣው ዓመት ቤቱ ሰው ይኖርበት ከነበረበት ዘመን መሃል ይጠጋል። ከእናት ለልጅ የተላለፈ ሳህን ስሌቱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ጆርጅ ሚለር ደግሞ የሸክላ ሠሪዎቹን የዋጋ ዝርዝር አጥንቶ ርካሹ ጌጥ የሌለው፣ ከዚያ ጠርዙ ብቻ የተቀባው፣ ቀጥሎ በእጅ የተሣለው፣ ውዱ የታተመው መሆኑን አሳየ። ብዙዎች በዚህ መለኪያ የቤቶችን ሀብት ለማነጻጸር ተጣደፉ።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ዋጋ የሚነግረን ስለ ገበያው ነው። ቤተሰቡ እንዴት እንደበላ ለማወቅ የሳህኑን ቅርጽ ማየት ያስፈልጋል።

ጄምስ ዲትዝ በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የኒው ኢንግላንድ ቤተሰቦች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ የእንጨት ገበታ እየተጋሩ ይበሉ እንደነበር፣ በ18ኛው አጋማሽ ግን ለየሰው አንድ ሳህን፣ አንድ ጽዋ ማቅረብ እንደተስፋፋ ጽፏል። ከአንድ ትሪ እየቆረሰ ላደገ፣ ጉርሻ ለተጎራረሰ ሰው ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ዝርጉ ሳህን ሥጋን ቆርጦ ለየብቻ ለመብላት የተበጀ ነው። ጎድጓዳው ወጥና ሾርባ ይይዛል።

ጆን ኦቶ በጆርጂያ፣ በሴንት ሳይመንስ ደሴት ያለውን የካነንስ ፖይንት የጥጥ እርሻ ሲቆፍር ይህን ልዩነት በዓይኑ አየ። በጌታው ቤት ጥራጊ ውስጥ ሥዕል የታተመባቸው ዝርግ ሳህኖች በዙ። በባርነት የተያዙት ሰዎች ጎጆ ዘንድ የበዛው ጎድጓዳ ሳህን ነበር። ከዕለት ሥራ በኋላ አንድ ድስት ተጥዶ ቀስ ብሎ የሚበስል ወጥ ይታያል።

ሳህኑን ማን ሰጣቸው? ከጌታው ቤት የወረደ ትርፍ ነው የሚለው ግምት ለረጅም ጊዜ ሳይጠየቅ ቆይቷል። በሞንቲቼሎ፣ በቶማስ ጄፈርሰን እርሻ፣ የልጅ ልጁ ከ1805 እስከ 1808 የያዘችው የወጪ መዝገብ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ በባርነት የተያዙት ሰዎች ዶሮ፣ እንቁላልና አትክልት ለጌታው ቤት ይሸጡ ነበር። የራሳቸው ያልነበረ ጉልበት ከዋለበት ቀን የተረፈችውን ሰዓት ጓሮ ቆፍረውባታል፤ ከዚያች ሳንቲም ለሳህን መግዣ የዋለ ይኖራል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ወደ ገበያ ሄዶ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነውን መርጦ የሚመለስ ሰው በዓይነ ኅሊናዬ ይመጣብኛል።

ከነጩ ገል ጋር በእጅ የተሠራ፣ እቶን ያልገባ፣ በሜዳ እሳት የተጠበሰ ሸክላም ይወጣል። አይቨር ኖኤል ሂዩም በ1962 የነባሩ አሜሪካዊ ሥራ ብሎ መደበው። ሌላንድ ፈርጉሰን በኋላ በሳውዝ ካሮላይና ከሚገኘው ብዙው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን እጅ ሥራ መሆኑን ተከራከረ፤ አንዳንዶቹ መቀመጫቸው ላይ የመስቀለኛ ምልክት አለባቸው። ምልክቱን ከኮንጎ ሰዎች እምነት ጋር አያይዞታል፣ ክርክሩም አልተዘጋም። ቅርጻቸው ላይ ግን ክርክር የለም፤ አብዛኞቹ ጎድጓዳ ሳህንና ማሰሮ ናቸው።

በጋና የኤልሚና ከተማ ነዋሪዎች ከ1482 ጀምሮ ከአውሮፓ ነጋዴ ጋር ጎን ለጎን ኖረዋል። በ1873 እንግሊዞች ከተማዋን በመድፍ ደብድበው አወደሟት፤ ፍርስራሹ በነበረበት ስላልተገነባ ክሪስቶፈር ዲኮርስ በ1980ዎቹ ሲቆፍር ቤቶቹን ከነዕቃቸው አገኘ። የአውሮፓ ሸክላ ሞልቷል። ግን የአገሩ ድስትም አብሮ አለ፣ ሙታንም እንደ ልማዱ ከቤቱ ወለል ሥር ተቀብረዋል። ሳህኑ ገባ፤ ወጡና ቀብሩ የአገሩ ሆነው ቀሩ።

በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ደግሞ ሳህን ምግብ የማይቀርብበት ጊዜም አለ። በስዋሂሊ ጠረፍ የግድግዳ ጉርብ ውስጥ ለጌጥ ይደረደራል፣ በመቃብር ሐውልት ላይ ይለጠፋል። የሐረር ቤት የገባ ሰው ግድግዳውን ከሞሉት ሳህኖችና ስፌቶች ጋር ዘመዳሞች መሆናቸውን ለማየት አይቸገርም። ቡና የምንጠጣበት ሲኒም ስሙን ያገኘው “ቻይናዊ” ከሚለው የአረብኛ ቃል ነው፤ የትም ይሠራ የት፣ የቻይናን ስም ይዞ ቀርቷል።

በቤተ ሙከራ ውስጥ ገሉ ታጥቦ ሲደርቅ ባለሙያው የጠርዙን ስባሪ ያነሳል። በጠረጴዛው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሣሉ ክቦች ያሉበት ወረቀት ተዘርግቷል። ጠርዙን ከክቦቹ በአንዱ ላይ እስኪገጥም ድረስ ያንቀሳቅሰዋል፣ የዕቃውን ስፋት ያነባል። ከዚያ ገሉን ወደ ጎን ያዘነብልና ግድግዳው ምን ያህል ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ ያያል፤ በካርዱም ላይ “ዝርግ” ወይም “ጎድጓዳ” ብሎ ይጽፋል።