የቄስ ዮሐንስ ካርታ በፋርጣ ሳሎን

ባሕር ማዶ የሚኖር የፋርጣ ወይም የጋይንት ልጅ ለሠርግ፣ ለቤት ምርቃት ወይም ለአባቱ ስጦታ ሲያስብ፣ ዛሬ ዛሬ አንዱ ምርጫው የአሮጌ ኢትዮጵያ ካርታ ቅጂ ነው። ወረቀቱ ወየብ ያለ፣ ባሕሩ ላይ መርከብ የተሣለበት፣ በፍሬም ተሠርቶ ሳሎን የሚሰቀል። ያምራል። ነገሩ የሚበላሸው ተቀባዩ ወንበር ስቦ፣ መነጽሩን አድርጎ አገሩን መፈለግ ሲጀምር ነው።

ለጌጥ ከሚባዙት ሁሉ ስሙ የገነነው የአንትወርፑ አብርሃም ኦርቴሊየስ በ1573 ያወጣው ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱ በላቲን የቄስ ዮሐንስ ማለትም የአቢሲኒያውያን መንግሥት ይላል። ቄስ ዮሐንስ አውሮፓ ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ስታልመው የኖረችው ክርስቲያን ንጉሥ ነው፤ እስያ ተፈልጎ ሲታጣ በኛ ነገሥታት ላይ ተለጠፈ። ካርታው መንግሥቱን ከምድር ወገብ አሻግሮ ወደ ደቡብ ይለጥጠዋል፤ ዓባይንም ከዚያው፣ ዛየርና ዛፍላን ከሚላቸው ሐይቆች ያስነሣዋል። የአምባ ግሸን ወሬ ግን ሳይደርሰው አልቀረም፤ የንጉሡ ልጆች በዘብ የሚጠበቁበት ተራራ ብሎ ጽፎታል።

ይህን ካርታ «ግዛታችን እስከዚህ ድረስ ነበር» ለማለት የሚጠቅሱት አሉ። ደቡብ አትላንቲክን የኢትዮጵያ ውቅያኖስ የሚሉትም ካርታዎች እንዲሁ ይነሣሉ። የዚያ ዘመን አውሮፓ ግን ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ለጥቁር ሕዝብ አገር በጅምላ ይሰጥ ነበር። በማያውቁት ቦታ ላይ የተጻፈ ስም የግዛት ማስረጃ አይሆንም።

የሚደንቀው ከኦርቴሊየስ 120 ዓመት ገደማ ቀድሞ የተሻለ ካርታ መኖሩ ነው። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ1450 አካባቢ የዓለምን ካርታ ሲሠራ፣ የሐበሻን ምድር የነገሩት የአገሩ ተወላጅ የሆኑ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መሆናቸውን፣ አውራጃውንና ወንዙን በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት እዚያው ካርታው ላይ ጽፏል። ስማቸውን ግን አልጻፈልንም።

ስሙ የቀረልን አባ ጎርጎርዮስ ነው። የመካነ ሥላሴው ሊቅ ከጀርመኑ ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በ1649 ሮም ተገናኘ፤ በ1652 ደግሞ ጎታ ድረስ ሄዶ በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ስለ አገሩ ሲጠየቅ ሲመልስ ከረመ። በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከብ ሰጥሞ ሞተ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ ካርታውን በ1683 አወጣ። መነሻው የኢየሱሳውያኑ የነማኑኤል ደ አልሜይዳ ሥራ ነው፤ አገራችን በልኳ ተሰብስባ፣ የዓባይ ምንጭም ጎጃም ገብቶ የሚታየው በእነዚህ ነው።

የፋርጣዋ ከተማ ደብረ ታቦር ግን እዚህም የለችም። ጎንደር ተቀምጦ በ1770 ግሽ ዓባይን ያየው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመውም ካርታ አይፈልጓት። ጥፋቱ የካርታ ሠሪዎቹ አይደለም፤ ከተማዋን የየጁው ራስ ጉግሣ የቆረቆራት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። የጉና ተራራ ብቻ ከነቁሩ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ መለኪያ የያዙት መጡ። አንትዋን ዳባዲ ከ1838 እስከ 1848 አገሪቱን እየዞረ ከተራራ ተራራ በማዕዘን ለክቶ ውጤቱን ከ1860 እስከ 1873 አሳተመ። የቼኩ አንቶን ሽቴከር በ1881 ጣናን ለካ። በመካከሉ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ደብረ ታቦር የዓፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ሆና በየካርታው ወጣች። የሚያሳዝነው፣ ስሟ በዓለም ሲታተም ከተማዋ ነድዳ ነበር፤ ንጉሡ በጥቅምት 1867 አቃጥለዋት፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እየጎተቱ፣ መንገድ እየቆረጡ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሄደዋል። እነዚህ ካርታዎች ደረቅ ናቸው፤ አንበሳም መርከብም የላቸውም፤ ለሳሎን ጌጥ የሚፈልጋቸው ጥቂት ነው።

ስለ ግዢው አንድ ነገር ልበል። ቅጂን «ኦሪጅናል ነው» የሚል ሻጭ ከገጠመዎት አጉሊ መነጽር ያንሡ። በመዳብ ሳህን የታተመ ካርታ መስመሩ ጥርት ያለ ነው፤ የሳህኑ ጠርዝም ወረቀቱን ሰርጎድ አድርጎት ያልፋል። የዘመኑ ማተሚያ ግን ቀለሙን በጥቃቅን ነጠብጣብ ይበትነዋል። የኦርቴሊየስ ከአትላስ የተነቀለ ገጽ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ጽሑፍ አለው። ቅጂ ከሆነ ደግሞ ብዙ አይክፈሉ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ካርታዎችን በነጻ ስለሚለቅ፣ አውርዶ ሰፈር ካለ ማተሚያ ቤት ማሳተም ይቻላል።

እኔ ብሆን ለደብረ ታቦር ቤት የመቅደላውን ዘመቻ ካርታ ሳሎን እሰቅላለሁ። ኦርቴሊየስን ደግሞ ልጆች ስሕተቱን እንዲቆጥሩበት ኮሪደሩ ላይ።