የቻይና ሴት ጥንዶች ፉክክር፦ ከሲድኒ እስከ ኮፐንሃገን

ባድሚንተን ከላባ የተሠራች ቀላል ኳስ በራኬት እየተመታች ከመረብ ወዲያና ወዲህ የምትመላለስበት ጨዋታ ሲሆን፣ ሁለት ሴቶች ሌሎች ሁለት ሴቶችን በሚገጥሙበት የጥንድ ውድድር ቻይና ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል የበላይነቱን ይዛ ቆይታለች። በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ወርቁን ገ ፌይና ጉ ጁን፣ ብሩን ሁዋንግ ናንያንና ያንግ ዌይ፣ ነሐሱን ጋኦ ሊንግና ቺን ዪዩዋን ሲወስዱ ሦስቱም ሜዳሊያዎች ለአንድ አገር ሆኑ።

የዚህ የበላይነት ውጤት፣ የአንዲት ቻይናዊት ተጫዋች ከባዷ ተጋጣሚ በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ አብራት የምትሠለጥነው ባልደረባዋ መሆኗ ነበር፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር የሚወስኑትም አሠልጣኞች ስለነበሩ የትናንት ተጋጣሚ የዛሬ ጥንድ ልትሆን ትችላለች። ከሲድኒ በኋላ ጋኦ ሊንግ ከሁዋንግ ሱይ ጋር የተጣመረች ሲሆን፣ ያንግ ዌይ ደግሞ በ2001 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ከዌይ ዪሊ ጋር ተሰልፋ በእነ ጋኦ ከተሸነፈችው ከጃንግ ጂየወን ጋር ተጣመረች።

ጋኦና ሁዋንግ በ1899 የተጀመረውንና ኦል ኢንግላንድ የሚባለውን ጥንታዊ ውድድር ከ2001 እስከ 2006 ለስድስት ተከታታይ ዓመታት አሸንፈዋል። ሆኖም በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ ፍጻሜ፣ ነጥብ የሚቆጠረው ኳሷን ለሚያስጀምረው ወገን ብቻ በነበረበት በቀድሞው ሕግ፣ የመጀመሪያውን ዙር 15 ለ 7 ካሸነፉ በኋላ ቀጣዮቹን 15 ለ 4 እና 15 ለ 8 ተረትተው ወርቁን ለእነ ያንግ ለቀቁ። ያንግና ጃንግ በ2005 እና በ2007 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜም ደገሟቸው፤ በ2008 ግን በገዛ አገራቸው ኦሊምፒክ በሩብ ፍጻሜው በጃፓናውያን ተሸንፈው ወጡ።

እንዲህ ያለው የእኅትማማች ፉክክር ከጥርጣሬ ነፃ አልነበረም። ዋና አሠልጣኙ ሊ ዮንግቦ፣ በአቴንስ የሴቶች ነጠላ ግማሽ ፍጻሜ ጆ ሚ ለአገሯ ልጅ ለጃንግ ኒንግ እንድትለቅ መታዘዟን በ2008 በይፋ አምነዋል። በዚህ ብቻ የጥንዶቹን ፍጻሜዎች መጠርጠር ፍትሐዊ ባይሆንም፣ ለአሠልጣኞቹ ከተጫዋቿ ዕድል የአገር ሜዳሊያ ይቀድም እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ይኸው አስተሳሰብ በ2012 ለንደን ላይ አደባባይ ወጣ። በዚያ ኦሊምፒክ ከቀጥታ ጥሎ ማለፍ በፊት የምድብ ጨዋታ ተጨምሮ ስለነበር፣ ቲያን ቺንግና ጃዎ ዩንሌይ በዴንማርክ ጥንድ ተሸንፈው ከምድባቸው ሁለተኛ ሲወጡ፣ ሌላኛው የቻይና ጥንድ ዋንግ ሺያዎሊና ዩ ያንግ ምድባቸውን በአንደኝነት ከጨረሱ የአገራቸውን ልጆች በፍጻሜ ሳይሆን ቀደም ብለው እንደሚያገኙ ታወቀ። ሁለቱም ወገኖች ማለፋቸውን አስቀድመው ባረጋገጡበት ጨዋታ ዋንግና ዩ ከደቡብ ኮሪያዎቹ ጁንግ ክዩንግ ኡንና ኪም ሃ ና ጋር ሲጋጠሙ፣ ኳሷ ስትጀመር ሆን ተብሎ መረብ ላይ እየተመታች ረጅሙ ምልልስ ከአራት ምት ባለማለፉ ተመልካቹ በጩኸት ተቃወመ፤ ዳኛውም ሜዳ ገብቶ አስጠነቀቀ። ኮሪያውያኑ 21 ለ 14 እና 21 ለ 11 «አሸነፉ»። በማግስቱ የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን፣ ለማሸነፍ የሚችሉትን ሁሉ አላደረጉም በሚል፣ በተመሳሳይ ጥፋት ከተጠየቁ ሌላ የደቡብ ኮሪያ ጥንድና አንድ የኢንዶኔዥያ ጥንድ ጋር በድምሩ ስምንት ተጫዋቾችን ከውድድሩ አገደ። ቅጣቱ የወደቀው በተጫዋቾቹ ላይ ብቻ መሆኑ ሚዛኑን ያጓደለ ይመስላል፤ ሊ ዮንግቦ ይቅርታ ጠይቀው እስከ 2017 በሥራቸው ቆይተዋል።

ወርቁን የወሰዱት ቲያንና ጃዎ ናቸው። ፌዴሬሽኑም ከምድብ በሁለተኛነት የሚያልፉ ጥንዶች ማንን እንደሚገጥሙ አስቀድመው እንዳያውቁ ከምድቡ ጨዋታ በኋላ ዕጣ እንዲወጣ ደነገገ። ዋንግና ዩ በ2013 የዓለም ሻምፒዮናውን አሸነፉ፤ በለንደን ሊገናኙበት የታሰበው ፍጻሜ የተደረገው በ2014 በኮፐንሃገኑ የዓለም ሻምፒዮና ሲሆን፣ ቲያንና ጃዎ 21 ለ 19 እና 21 ለ 15 ረተዋቸዋል።