«ሙር» ረግረግ ብቻ ነው?

«ሙር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው «ረግረግ» ነው። የዚህ ዓምድ ጸሐፊም በእንግሊዝ አገር ስላለው ዳርትሙር የተባለ ምድር እስኪያነብ ድረስ እንዲያ ሲል ኖሯል።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ ጭቃውንም ጠፍ የሆነውን ከፍታም ይጠራ ነበር። ዳርትሙር ላይ ሁለቱም አሉ፤ መንገደኛው አንዴ ውሃ ባቆረ መሬት ይዳክራል፣ አንዴ የግራናይት ቋጥኝ ይቧጥጣል። እዚያው ግሪምስፓውንድ የተባለው ስፍራ ሲደርስ ደግሞ የነሐስ ዘመን ሰዎች የሠሯቸውን የ24 ክብ ቤቶች ፍራሽ በድንጋይ ካብ ተከቦ ያገኛል። ረግረግ ላይ ማን ጎጆ ይቀልሳል?

በ«ረግረግ» ፈንታ «ምድረ በዳ» ቢባል አሸዋ ያስታውሳል። ለከፍተኛ ተራራ የሚባለው «ውርጭ»ም ይከብዳል፤ የዳርትሙር ጫፍ 621 ሜትር ብቻ ነው።

ያን ምድር የሚያለብሰው ቁጥቋጦ ግን የአስታ ዘመድ ስለሆነ፣ ጸሐፊው «የአስታ ሜዳ» ቢባል ይመርጣል፤ የሰሜን ተራሮች አስታ ዛፍ ሲያህል የእንግሊዙ ከጉልበት እምብዛም ባያልፍም።