መጥፎ ፊልም ለማየት የሚሰለፉበት ሲኒማ

ለንደን መሃል፣ ሌስተር አደባባይ ላይ ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች አሉ፤ የሆሊውድ ኮከቦች ቀይ ምንጣፍ የሚረግጡት እዚያ ነው። ከአደባባዩ ወደ ቻይና ሰፈር በምትወጣው አጭር መንገድ ላይ ደግሞ ሁለት አዳራሽ ብቻ ያለው ትንሽ ሲኒማ ቤት አለ፦ ፕሪንስ ቻርልስ። ዛሬ የምናወራው ስለሱ ነው። ምክንያቱም ትኬት ቆርጠው ከሚገቡት ብዙዎቹ ፊልሙን ቀድመው አይተውታል፤ ስልካቸው ላይም ሊኖር ይችላል። ታዲያ ለምን ይመጣሉ?

ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1962 የተከፈተው ለቲያትር ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሲኒማ ሆነ፤ በ1970ዎቹ የአዋቂ ፊልም ሁሉ ያሳይ ነበር (አዎ፣ እንደዛ አይነት ቤት ነበር)። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን ሬፐርቶሪ ሲኒማ ነው። ሌላው ሲኒማ ቤት አዲስ ፊልም ተቀብሎ ያንኑ ለሳምንታት ያሳያል፤ ሬፐርቶሪ ሲኒማ የቆዩትን እየመረጠ ፕሮግራሙን በየቀኑ ይቀያይራል። ስራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዲቪዲው ስላላችሁ ብቻ ህዝብ ሰብስባችሁ ማሳየት አትችሉም፤ ከባለመብቱ ፈቃድ መግዛት ግድ ነው። የድሮው የ35 ሚሊሜትር ጥቅል ከሆነ ደግሞ ጥቅሉን ፈልጎ ማግኘት፣ ማጓጓዝ፣ ማሽኑን የሚያውቅ ባለሙያ መያዝ አለ።

አሁን ወደ ማንኪያው እንምጣ።

ቶሚ ዋይዞ የሚባል ሰው በ2003 «ዘ ሩም» የሚል ፊልም ሰራ። ጻፈው፣ ዳይሬክት አደረገው፣ ፕሮዲውስ አደረገው፣ ዋናውን ገጸ ባህሪም ራሱ ተጫወተው። ወጪው 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበር ይነገራል፤ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲታይ ያስገባው ግን 2 ሺህ ዶላር እንኳን አልሞላም። ትወናው ጉድ ነው። አንዲት እናት ካንሰር እንደያዛት ትናገራለች፣ ከዛ በኋላ ነገሩን የሚያነሳው ሰው የለም። ወንዶቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ የአሜሪካን ፉትቦል ይቀባበላሉ። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ በፎቶ መስቀያ የተቀመጠ የማንኪያ ፎቶ አለ። የማንኪያ ፎቶ! ስለዚህ ፎቶው በታየ ቁጥር ተመልካቹ «ማንኪያ!» ብሎ እየጮኸ የፕላስቲክ ማንኪያ ወደ ስክሪኑ ይወረውራል። ፕሪንስ ቻርልስ ይህን ፊልም ለዓመታት ደጋግሞ አሳይቷል፤ ዋይዞም ራሱ እየመጣ ከተመልካቹ ጋር ተገናኝቷል። ድራማ ብሎ የሰራውን ፊልም በኋላ «ጥቁር ኮሜዲ ነው» ማለት ጀምሯል። ብልህ ሰው ነው።

ከልት ፊልም የሚባለው ይሄ ነው፤ ፊልሙን ያተረፈው ተመልካቹ ነው። ሁሉም መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» በ1975 ሲወጣ ሰሚ አላገኘም ነበር፤ በ1976 ኒው ዮርክ ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ መታየት ሲጀምር ሰው እንደ ገጸ ባህሪያቱ ለብሶ፣ ለስክሪኑ መልስ እየሰጠ መመላለስ ጀመረ። የኮኤን ወንድማማቾች «ዘ ቢግ ሌቦውስኪ»ም በ1998 ብዙ አላስደነቀም፤ ዛሬ በገዋን ለብሰው የሚያዩት አድናቂዎች አሉት። «ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ» ሲታይ ደግሞ የዘፈኖቹ ግጥም ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ መነኩሲት መስሎ የመጣው ሁሉ አብሮ ይዘፍናል። ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም።

ኮሜዲ ላይ ልዩነቱ የበለጠ ይታያል። ብቻችሁን ስልክ ላይ ፈገግ ያስባላችሁን ቀልድ ሶስት መቶ ሰው ባለበት አዳራሽ ስትሰሙት፣ የቀጣዩ ቀልድ ድምፅ በሳቅ ይዋጣል። ይሄ በስልክ አይወርድም።

ለዚህ ደግሞ ቤት ያስፈልጋል፤ ችግሩም እዚያ ላይ መጣ። በጥር 2025 ሲኒማ ቤቱ ስጋት ላይ መሆኑን ይፋ አደረገ። እንደሱ አባባል አከራዩ ኪራዩን ከገበያው በላይ ከመጠየቁም ሌላ፣ ህንፃውን መልሶ ለማልማት ፈቃድ ካገኘ ሲኒማው በ6 ወር ማስጠንቀቂያ እንዲለቅ የሚያስገድድ አንቀጽ ውሉ ውስጥ እንዲገባ ፈልጓል። ፕሮግራም ወራት ቀድሞ ለሚያወጣ ቤት 6 ወር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የተቃውሞ ፊርማ ማሰባሰቢያ ተከፈተ፤ ከ100,000 በላይ ሰው ፈረመ። በዚያው ዓመት ግንቦት የዌስትሚንስተር ምክር ቤት ቦታውን «ለማኅበረሰቡ ጠቀሜታ ያለው ንብረት» ብሎ መዘገበው። ደስ ይላል፣ ግን አናጋንነው፦ ምዝገባው የሚያግዘው ባለቤቱ ንብረቱን ሊሸጥ ሲነሳ ነው፤ የአካባቢው ሰው ተደራጅቶ ለመግዛት ጊዜ ያገኛል። ኪራይ እንዳይጨምር አያግድም፣ ውልም አያሳድስም።

ለንደን ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ ጩኸቱና ውርወራው ለዛ በተዘጋጁት ምሽቶች ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን ስልካችሁን አጥፉ። «ዘ ሩም» ከሆነ የምትሄዱት ማንኪያው የፕላስቲክ ይሁን። ፊት ወንበር የተቀመጡትም ሰዎች ናቸው።