የኦፕራሲዮን ክፍሉ መዝገብ

አሶሳ ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ ካርድ ክፍል ነበር። ከሌሊት ጀምሮ ማንጎ ዛፍ ሥር ተሰልፎ የሚጠብቀውን ሰው ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ እየጠየቅኩ ካርድ አወጣለሁ። የቤርታ ሽማግሌው ዛሬ «አብዱልቃድር» ተብሎ ተመዝግቦ በሚቀጥለው ወር «አብዱ» ተብሎ ሌላ ካርድ ይወጣለታል። አንድ ሰው ሁለት ታካሚ ሆነ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ገደማ ጀምሮ የተዘረጋው የጤና መረጃ ሥርዓት፣ እኛ ኤች ኤም አይ ኤስ የምንለው፣ ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ካርድ ቁጥር እንዲኖረው ደነገገ። የወሩ ሪፖርትም ከወሩ 21 እስከ ተከታዩ ወር 20 ይቆጠራል። ቆይቶ ቅጹ ዲኤችአይኤስ 2 ወደሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ገባ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የቀዶ ሕክምናን ደኅንነት ለማሻሻል ሳልትስ የተባለውን መርሐ ግብር ሲጀምር፣ ያ ችላ ተብሎ የኖረ የኦፕራሲዮን መዝገብ ተፈላጊ ሆነ።

መዝገቡ ትልቅና ከባድ ነው፤ ጠርዙ አዮዲን ነክቶት ቡናማ ሆኗል። ቀን፣ ካርድ ቁጥር፣ ምርመራ፣ የተሠራው ኦፕራሲዮን፣ ማደንዘዣ። መጨረሻው ዓምድ ላይ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «በደህና ወጣ» ይላል። ወጣ የሚባለው ከጠረጴዛው ነው።

አንድ ቀን እሠራበት በነበረው ሆስፒታል የአንዲትን እናት ቁጥር ተከተልኩ። ከኦፕራሲዮን ክፍል በደህና ወጥታለች። ዋርድ መዝገብ ላይ፣ በስድስተኛው ቀን፣ ቁስሏ መግል ይዞ ሪፈር ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ለወሩ ሪፖርት እሷ ዳነች ተብላ ተቆጥራለች፤ ቆጣሪውም እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

የቦስተኑ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን ከመቶ ዓመት በፊት የእያንዳንዱን ታካሚ ካርድ ይዞ ከዓመት በኋላ እንዴት እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ባልደረቦቹ ጠሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ይሠራበት የነበረውን ሆስፒታል ለቀቀ። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 የቀዶ ሕክምና ሞት ይቆጠር ሲልም፣ ታካሚው ከሆስፒታል እስኪወጣ ድረስ ያለውን ነው የያዘው። አሶሳ ላይ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚከብደው፤ የዝናቡ ወራት፣ የተበላሸው መንገድ፣ ጸጥታ ሲደፈርስ የሚዘጋው ጉዞ።

መዝገቡ ላይ በእርሳስ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ ስልክ። የሌለው ይበዛል። ላላቸው በሠላሳኛው ቀን እደውላለሁ። አንድ ጊዜ የአንዲት ታካሚ ወንድም አነሳ።

«እኅቴ ደህና ናት፤ ማሽላ ልትጠብቅ ማሳ ወርዳለች።»

ቀኑን ጻፍኩ።