ኦቶግራፍ

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመለያየታቸው በፊት እየተቀባበሉ የሚጽፉበት የመሰናበቻ ደብተር። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ዳንግላም፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች፣ ልጃገረዶች የጓደኛቸውን ዕጣ በጨዋታ ይተነብዩበታል፦ አንዷን ሐኪም፣ ሌላዋን ዳኛ፣ ሦስተኛዋን የመንታ እናት ያደርጓታል። አብራሪ የምትባልም አትጠፋም፤ ይህ ደግሞ ቅዠት አይደለም። አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች።

በጨዋታውና በዩኒቨርሲቲው መካከል ብሔራዊ ፈተና አለ። በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የሚያስደነግጥ ቁጥር ነው።



የልጃገረዶችን ምኞት በራሳቸው እጅ ጽሑፍ የሚያቆዩ ሰነዶች ጥቂት ናቸውና፣ ደብተሩ ያላችሁ አትጣሉት።