ጥላ በእጅ፣ ጥላ በሽቦ

አርባ ምንጭ ላይ ሰገነት ያለው ቤት የሚሠራ ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ማዞሩ አይቀርም። ከሴቻ ከፍታ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከቱት ቡኒው አባያ በግራ፣ ሰማያዊው ጫሞ በቀኝ ተዘርግተው፣ የእግዜር ድልድይ የተባለው ኮረብታማ መሬት ሁለቱን ሐይቆች ለይቶ ያቆማቸዋል። ይህን ትቶ የጎረቤት ጓሮ የሚያይ ሰገነት የሚሠራ ማን ነው? በቀለ ሞላ ሆቴል እንኳ በዚያ ገደል አፋፍ ላይ የተተከለው ለሌላ ነገር አልነበረም።

ችግሩ ፀሐይም የምትወጣው በዚያው በኩል መሆኑ ነው። ዕይታውና ሙቀቱ በአንድ በር ይገባሉ።

የጣራ ክፈፍ ይህን አያድንም። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ በአናት ላይ ትቆማለች፤ አንድ ክንድ ተኩል የወጣ ክፈፍ ለእርሷ ይበቃታል። የጧቷ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ከሐይቁ ማዶ በአግድም ትመጣለች፤ ከክፈፉ ሥር ሾልካ እስከ ጓዳ ትዘልቃለች። የማታዋን እንኳ ከከተማዋ ጀርባ የቆመው የጋሞ ተራራ ቀደም ብሎ ይጋርድልናል። እንግዲህ የቀረው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው፤ ያውም ከመስኮቱ ውጪ። የቤት ውስጥ መጋረጃ የሚያስቆመው ብርሃኑን ነው። መስታወቱን አልፎ የገባው ጨረር መጋረጃውን ያግለዋል፤ የጋለው መጋረጃ ደግሞ ክፍሉን ያሞቃል፤ መስታወቱም ያን ሙቀት መልሶ አያስወጣውም። ሙቀት የሚመለሰው ደጅ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው ጥያቄ ይመጣል፤ የውጪው መጋረጃ በእጅ የሚሳብ ይሁን ወይስ በሞተር የሚወርድ? የባለጸጋ ጥያቄ ይመስላል። ነገሩ ግን የቆየ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከአርባ ምንጭ በላይ ከብርድ አገር ነው።

የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ቀድሞ ጨንቻ ነበረች። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጉምና ቀርከሃ መሐል የተቀመጠች ከተማ ናት። በ1950ዎቹ አጋማሽ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች አዕምሮሥላሴ አበበ መናገሻውን ወደ ቆላው አወረዱት፤ ሐይቆቹን ቁልቁል በሚያየው ሜዳ ላይም የዛሬዋን አርባ ምንጭ አስቀየሱ። ከፍታዋ 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ጸሐፊውም፣ ዳኛውም፣ ነጋዴውም ሻንጣውን ይዞ በአንድ ጊዜ 1,400 ሜትር ወረደ ማለት ነው፤ በቴርሞሜትር ቋንቋ ወደ 9 ዲግሪ ይጠጋል። በጨንቻ ሙቀትን እንዴት እናስቀረው ሲል የኖረ ሰው፣ በአርባ ምንጭ እንዴት እናባርረው ማለት ጀመረ። በየካቲትና በመጋቢት ቀኑ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ የደጋው ቤት ልማድ ብቻውን አልበቃም።

የደጋው ልማድ ሲባል ደግሞ መናኛ ነገር አይደለም። የዶርዜ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ሌማት ተፈትሎ የሚወጣ ሕንፃ ነው። ሲሠራ ቁመቱ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከፊቱ እንደ አፍንጫ ወጣ ያለ መግቢያ ስላለው ብዙዎች ከዝሆን ራስ ጋር ያመሳስሉታል። እንደ ከተማ ቤት ሰፊ መስኮት የለውም። መሐል ላይ የሚነደው እሳት ጢስ በክዳኑ ውስጥ ተጣርቶ ይወጣል፤ ሲወጣም ነፍሳቱን እያባረረ ቀርከሃውን ያቆየዋል። ምስጥ ከሥር ሲበላው ባለቤቱ የተበላውን ቆርጦ ይጥልና ቤቱ በቁመት ትንሽ ያጥራል፤ በሩም እንደገና ከፍ ተደርጎ ይቆረጣል። የቤቱን ዕድሜ ከቁመቱ መገመት ይቻላል። መነሳት ካስፈለገም ጎረቤት ይጠራና ቤቱ በሰው ትከሻ ከሥፍራ ሥፍራ ይሄዳል። ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው። ቤቱን የሠራው እጅ ቤቱን ይጠግነዋል፤ ከመንደሩ ውጪ የሚፈለግ መለዋወጫ የለም።

ያው እጅ አጥሩንም ይሠራል። የዶርዜ ግቢ አጥር ነፋስ እያሳለፈ ዓይንና ፀሐይን የሚከለክል የቀርከሃ ሥራ ነው። አጥሩን ጠቅልለህ ሰገነት ላይ ብትሰቅለው ነጋዴዎች ዛሬ ከባሕር ማዶ አስመጥተው የሚሸጡትን ዕቃ አገኘህ ማለት ነው።

በረንዳ ራሱ ከውጪ የመጣ ነው፤ ቃሉም ጭምር። ሕንዶችም ፖርቱጋሎችም የእኛ ነው ይሉታል፤ ወደ እኛ ሲደርስ «ቨ» ወደ «በ» ተለውጣ የአገር ልጅ ሆነች። መርካቶ እህል በረንዳን ያህል ሠፈር ከሰየመ ወዲያ ቃሉን እንግዳ የሚለው የለም። በአጼ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የሠሩ ሕንዶችና አርመኖች ቤቱን በእንጨት በረንዳ ይከቡት ነበር፤ በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው ጣይቱ ሆቴል የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ጣልያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ «ፐርሲያና» የሚለውን አመጣ፤ ሽንሽን ጣውላ ያለው፣ ነፋስ አስገብቶ ፀሐይ የሚያስቀር የመስኮት መዝጊያ ነው። የስሙ ነገር ያስቃል። ጣልያንና ፈረንሳይ ፐርሺያ ሰጠችን ይላሉ፤ የእንግሊዝ ሰው ደግሞ ታጣፊ ሽንሽኑን መጋረጃ የቬኒስ ይለዋል። ሁሉም ጥላውን የጎረቤት ያደርገዋል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር በእጅ ነው። የእጅ ሥራ ሲባል ግን የማን እጅ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሮማ ሰዎች በትርዒት ሥፍራ ተመልካቹን ከፀሐይ የሚጋርድ ግዙፍ ሸራ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ80 በተመረቀው ኮሎሲየም ሸራውን በገመድ የሚዘረጉትና የሚጠቀልሉት ከሚሴኑም የጦር መርከብ ጣቢያ የመጡ መርከበኞች ነበሩ፤ ሸራና ነፋስ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልተገኘማ። ከዚያ ቀደም ብሎ የነገሠው ካሊጉላ ግን፣ ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒየስ እንደሚተርከው፣ አንዳንዴ በትርዒቱ መሐል ፀሐይዋ በከረረችበት ሰዓት ሸራው ይጠቅለል ብሎ ያዝዝና ማንም እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። ሕዝቡ ጥላ ነበረው፤ ገመዱ ግን በእጁ አልነበረም።

ሞተሩ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። በፈረንሳይ አልፕስ ሥር ክሉዝ የምትባል በሰዓት ሥራ የታወቀች ትንሽ ከተማ አለች። ሶምፊ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው እዚያ ነው፤ ስሙም ከመጋረጃ ሞተር ጋር ተያይዞ ዓለምን አዳረሰ። የሐሳቡ ብልኃት ሞተሩን መደበቁ ላይ ነው። መጋረጃው የሚጠቀለልበት ቱቦ ባዶ ነው፤ እንደ ዱላ የቀጠነው ሞተር በዚያ ባዶ ውስጥ ይገባል። የት ድረስ መውረድና የት መቆም እንዳለበት አስቀድሞ ይነገረዋል። ነፋስ ሲበረታ መጋረጃውን በራሱ የሚሰበስብ መሣሪያ ሊገጠምለት ይችላል፤ ፀሐይ ስትወጣም እንዲሁ። ባለቤቱ ሐይቅ ዳር እያለ ሰገነቱ ራሱን ይጋርዳል። እውነቱን ለመናገር ያምራል።

በእጅ የሚሠራው ወገንም ቆሞ አልቀረም። ዛሬ ደኅና የእጅ መጋረጃ ጥርስ ያለው መዘውርና ረጅም እጀታ አለው፤ ሲያዞሩት ይወርዳል፣ ሲተዉት ባለበት ይቆማል። ገመድ ወይም ሰንሰለት ያለውን የሚመርጥ ሰው ግን ልጆች ካሉበት ገመዱን ከፍ አድርጎ ግድግዳ ላይ ማሰር አለበት። የተንጠለጠለ የመጋረጃ ገመድ በሕፃናት አንገት ላይ ተጠምጥሞ የገደለባቸው አገሮች ብዙ ናቸው፤ በሕግ እስከመከልከል የደረሱትም አሉ። በዚህ በኩል ሞተሩ ይሻላል፤ ተንጠልጣይ ገመድ የለውምና።

ሞተር ግን ሽቦ ይፈልጋል። የአገራችን የሽቦ ታሪክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ይጀምራል፤ በ1948 ዓ.ም. የመብራት ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2009 ዓ.ም. ግልገል ጊቤ 3 ተመረቀ። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ በ2001 ዓ.ም. መብራት በተራ ይታደል እንደነበር የሚዘነጋ ያለ አይመስለኝም። በግንቦት 2011 ዓ.ም.ም የግድቦቹ ውሃ ሲጎድል ፈረቃ እንደገና ታወጀ። ልብ በሉ፤ ውሃ የሚጎድለው ዝናብ ሲያጥር ነው፤ ዝናብ ሲያጥር ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ፀሐዩም ይከርራል። መጋረጃው በጣም በሚፈለግበት ወቅት መብራቱ የሚጠፋበት ዕድል ይሰፋል ማለት ነው። የካሊጉላ ገመድ በሌላ መንገድ ተመልሶ መጣ።

ስለዚህ የእኔን ሐሳብ ለሚጠይቅ፣ በአርባ ምንጭ ለተራ ሰገነት የእጁ ይሻላል እላለሁ። ስፋቱ ከሁለት ወይም ከሁለት ተኩል ሜትር ያልዘለለ መጋረጃን ልጅም ሽማግሌም በእጀታ ያወርደዋል። ሲሰበርም የሲቀላ ብረት ሠራተኛ ሊያየው ይችላል፤ የሞተሩን ውስጥ ግን ከፍቶ የሚያይ ባለሙያ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሊያስኬድ ይችላል። ሞተር የሚገባው ሰፊና ከባድ መጋረጃ ላይ፣ እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ክንዱ የደከመ ሰው ቤት፣ እንዲሁም ብዙ መስኮት ያለው ሆቴል ላይ ነው። በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ የሚሠራው ደግሞ ለእኛ አገር የተሻለ ይመስለኛል፤ የምትከለክለዋ ፀሐይ መከልከያውን ታንቀሳቅሰዋለችና ከዚህ የበለጠ ቅጣት የለም።

ጨርቁን በተመለከተ ግን ወደ ተራራው ማየት ይገባል። ሽሮ ሜዳ ድረስ ሸማውን ያደረሰ ሕዝብ፣ ቀርከሃ እንደ ክር የሚታዘዝለት ሕዝብ አጠገባችን ሳለ፣ ሰገነቶቻችንን በፕላስቲክ ብቻ መሸፈን ያሳፍራል። የቀርከሃ መጋረጃ ዝናብ ያጠቁረዋል፤ ነቀዝም ይወደዋል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን ቀላል ነው፣ ነፋስ ያሳልፋል፣ ከውስጥ ሆኖ ሐይቁን ያሳያል። ሲያረጅም የሚተካው በ37 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። ከእጀታና ከመዘውር ጋር የሚስማማ አድርጎ ለመሥራት ልኩን አስተካክሎ የሚያዝ ደንበኛ እንጂ ጥበብ የጎደለ አይመስለኝም። ደንበኛው ስፋቱን በሴንቲ ሜትር፣ ሰገነቱ የሚያየውን አቅጣጫና ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰውን ነፋስ ጽፎ ቢሄድ ሥራው ይቀላል።

ሞተሩን ለቆረጠ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዶቹ ሞተሮች መብራት ሲጠፋ በእጅ ማዞሪያ የሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ ሌሎቹ የላቸውም። ከውጪ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሻጩን ይቺን ቀዳዳ አሳየኝ ማለት ነው፤ ማዞሪያዋም ከዕቃው ጋር መሰጠቷን አይቶ፣ ሳሎን ውስጥ የምትሰቀልበት ምስማር መምታት።